አነስተኛ ነጋዴ የሚባለው ማን ነው?

በአሥመራ ከተማ መደበር በተባለው ስፍራ በቅስቱ በር የገባ ሰው አስቀድሞ የሚቀበለው የመዶሻ ድምፅ ነው። አሮጌ የዘይት በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ የመኪና ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይሆናል፤ ከየትም የተለቀመ የብረት ቍርጥራጭ እየተቃና ዳግመኛ ዕቃ ይሆናል። በወዲያ በኩል ደግሞ በርበሬ የሚፈጩት ወፍጮዎች አየሩን ስላቀሉት እንግዳ ሰው ሳያስነጥስ አያልፍም። በዚህ ስፍራ ከሚሠሩት ሰዎች አንዱን ለይተን «ይህ ሰው በሕግ ፊት ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ እንደምናስበው ቀላል አይሆንም። በርሜሉን በገንዘቡ ገዝቶ፣ ምድጃውን በትርፍ ይሸጣልና ነጋዴ ነው ለማለት ይቻላል። የሚሸጠው ግን ከብረቱ ይልቅ የገዛ ክንዱን ድካም ስለሆነ የእጅ ሠራተኛ ነው የሚል ሰውም አይሳሳትም። ሁለት ልጆችና አንድ የወንድም ልጅ አብረውት ሲቀጠቅጡ ያየ ሰው ደግሞ አሠሪ ነው ሊለው ይችላል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን በመዝገብ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው፣ ስሙ በየትኛው ዐምድ እንደሚጻፍ ሲወሰን አብሮ የሚወሰንበት ብዙ ነገር አለ። የሒሳብ መዝገብ ይያዝ ወይስ አይያዝ፣ ግብሩን በመዝገቡ መሠረት ይክፈል ወይስ በቁርጥ፣ ዕዳ ቢበዛበት በኪሣራ ሕግ ይፈረድበት ወይስ እንደ ማናቸውም ባለዕዳ ይጠየቅ፣ ለአነስተኞች ተብሎ ከተመደበው ብድር ይድረሰው ወይስ አይድረሰው፣ ይህ ሁሉ በአንዲት ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ቃሊቱን እንመርምር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ ሕዝቡ ራሱ ምን ብሎ እንደሚጠራ ማየት ይገባል። አማርኛችን ለንግድ ሰዎች የሰጣቸው ስሞች ከመጠናቸው ይልቅ ከአሠራራቸው የተወሰዱ ናቸው። ጭነት ጭኖ አገር ለአገር የሚዞረው የሲራራ ነጋዴ ተባለ፤ በገበያ መሬት ላይ ጥቂት ሽንኩርትና ቃርያ ዘርግታ የምትቀመጠው ጉልት ተቀማጭ ተባለች፤ ዕቃውን በሣጥን አድርጎ በአንገቱ አንጠልጥሎ የሚዞረው ልጅ ሱቅ በደረቴ ተባለ፤ በጅምላ ገዝቶ በጥቂት በጥቂቱ የሚሸጠው ቸርቻሪ ተባለ። ከነዚህ ስሞች መካከል አንዱ እንኳ ብርን ወይም የሠራተኛን ቍጥር አይጠቅስም። ሕዝቡ የጠየቀው ሰውዬው እንዴት እንደሚሠራና ከማን ጋራ እንደሚሠራ ነው። ቍጥር የመጣው ከመንግሥት መዝገብ ጋራ ነው፤ መምጣቱም ግድ ነበር፤ ግብር ሰብሳቢ «ሱቅ በደረቴ» በሚል ስም ብቻ ግብር ሊተምን አይችልምና።

በመካከሉ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አልፈለግንም። በኢትዮጵያ ከ1997 ወዲህ በይፋ የተለመደው «ጥቃቅንና አነስተኛ» የሚለው ስያሜ ለጆሮአችን አይጥመንም። አነስተኛ የሚለው ቃል መልካም ነው፤ መጠንን እንጂ ማንነትን አይነካም። ጥቃቅን የተባለው ግን ለፍርፋሪና ለትቢያ የሚነገር ቃል ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰውን ልብስ በሚገባ ሰፍቶ ልጆቹን ያሳደገ ሰው በማመልከቻው ራስ ላይ ራሱን ጥቃቅን ብሎ እንዲጽፍ ማድረግ ደግ አይደለም። የውጭውን ቃል ቃል በቃል ከመተርጐም የሚመጣ ጕዳት እንዲህ ያለው ነው።

ወደ ሕጎቹ እንመለስ። በዚህ ነገር ላይ አስቀድመው በጥልቅ ካሰቡት ሕጎች አንዱ በ1942 የወጣው የኢጣልያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ የወጣው እንግሊዞች ሚያዝያ 1 ቀን 1941 አሥመራ ከገቡ በኋላ ስለ ሆነ፣ ኢጣልያ በዚህ ባሕር ዳርቻ ትገዛበት የነበረው ሥልጣን አብቅቶ ነበር፤ ሆኖም በጣልያንኛ ትምህርት ያደገው የዚህ አገር ጸሐፊና ነጋዴ ሁሉ ቃሎቹን ያውቃቸዋል። የዚህ ሕግ 2083ኛው ቍጥር «ፒኮሎ ኢምፕረንዲቶሬ»፣ ማለት አነስተኛ ባለድርጅት የሚላቸውን ይዘረዝራል። እነርሱም መሬታቸውን በገዛ እጃቸው የሚያርሱ ገበሬዎች፣ የእጅ ሠራተኞች፣ አነስተኛ ነጋድያን፣ እንዲሁም ሥራቸውን በይበልጥ በራሳቸውና በቤተ ሰባቸው ጕልበት አደራጅተው የሚሠሩ ሁሉ ናቸው።

አንባቢ ልብ ይበልልን፤ በዚህ ትርጓሜ ውስጥ አንድም ቍጥር የለም። ሊራም የለም፤ የሠራተኛም ልክ የለም። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ «በይበልጥ» የሚለው ቃል ነው። ዳኛው የሚመዝነው በአንድ ወገን የባለቤቱንና የቤተ ሰቡን ድካም፣ በሌላው ወገን የተቀጣሪዎችንና የገንዘቡን ኀይል አድርጎ ነው። የፊተኛው ካመዘነ ሰውዬው አነስተኛ ነው። እንዲህ ከሆነ ብቻውን የሚሠራ የከበረ ድንጋይ ነጋዴ፣ ምንም እንኳ አንድ ሠራተኛ ባይኖረው፣ በሣጥኑ ያለው ሀብት ከገዛ ድካሙ እጅግ ስለሚበልጥ አነስተኛ ላይባል ይችላል። ልጆቹን፣ ሚስቱንና አማቹን ይዞ የሚሠራ አናጢ ግን ስድስት ሰው ቢሆኑም አነስተኛ ነው። ይህ አስተሳሰብ መደበርን አይቶ የተጻፈ ይመስላል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ትርጓሜ ምን ጐደለው? የጐደለው ነገር በመስኮቱ ኋላ ለተቀመጠው ጸሐፊ አለመመቸቱ ነው። ዳኛ ጊዜ ወስዶ ሊመዝን ይችላል፤ በቀን መቶ ሰው የሚያስተናግድ ጸሐፊ ግን ሚዛን የለውም፤ ያለው ማኅተምና እስክርቢቶ ነው። ይህንኑ የተረዱት የኢጣልያ ሕግ አውጪዎች በዚያው በ1942 ባወጡት የኪሣራ ሕግ ላይ ቍጥር ጨመሩ። የገቢ ግብር ያልተወሰነበት ሰው በንግዱ ያዋለው ገንዘብ ከ30,000 ሊራ የማይበልጥ ከሆነ አነስተኛ ነውና ኪሣራ አይታወጅበትም አሉ። በጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ ሊራው እጅግ ስለ ወደቀ በ1952፣ ማለት እዚህ ፌዴሬሽኑ በቆመበት ዓመት፣ ልኩን ወደ 900,000 ሊራ ከፍ አደረጉት። ከዚያም ረሱት።

ከዚህ የመርሳት ነገር የመጣውን ጣጣ ባለሥልጣኖቻችን በሚገባ ቢያጤኑት እንወዳለን። በ1952 የ900,000 ሊራ ካፒታል ያለው ሰው በእውነት ንግድ ያለው ሰው ነበር። ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ ግን ገንዘቡ ዋጋውን እያጣ፣ ቍጥሩ በሕጉ መጽሐፍ ላይ ሳይነቃነቅ ቀረ። ሊራ ወደ ዩሮ በተለወጠበት ሒሳብ ብንመነዝረው 900,000 ሊራ 465 ዩሮ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ምንም ሕግ ሳይወጣ፣ ምንም ሰው ሳይወስን፣ የኢጣልያ ባለትንሽ ሱቅ ሁሉ በሕግ ፊት ትልቅ ነጋዴ ሆኖ ተገኘ፤ ዕዳው ሲበዛበትም ኪሣራ ይታወጅበት ነበር። ኪሣራ ታወጀበት ማለት ደግሞ በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ስሙ በከሠሩ ሰዎች የሕዝብ መዝገብ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ለአምስት ዓመት ያህልም ድምፅ የመስጠት መብቱን ያጣ ነበር። በመጨረሻ በታኅሣሥ 1989 የኢጣልያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነገሩን መርምሮ፣ የገንዘቡ ዋጋ ከመውደቁ የተነሣ ያ ልክ አነስተኛውን ከትልቁ ለመለየት የማይችል ሆኗል ሲል ድንጋጌውን ሻረው። ከ1952 እስከ 1989 ሠላሳ ሰባት ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጥፋቱ የማንም ሰው ክፋት አልነበረም፤ ቍጥር ጽፎ ወደ ኋላ አለመመለስ ብቻ ነበር።

ኢጣልያኖች ከዚህ ተምረው በ2006ና በ2007 ባደረጉት ማሻሻል ሦስት ልኮችን በአንድነት አቆሙ። ጠቅላላ ሀብቱ ከ300,000 ዩሮ፣ የዓመት ገቢው ከ200,000 ዩሮ፣ ዕዳው ከ500,000 ዩሮ ያልበለጠ ባለድርጅት ከኪሣራ ሕግ ውጭ ሆነ። የሚያስመሰግናቸው ግን ቍጥሩን ብቻ አለማለታቸው ነው፤ በየሦስት ዓመቱ የኑሮ ውድነት እየታየ ልኩ በሚኒስትር ትእዛዝ ሊስተካከል እንዲችል በዚያው ሕግ ውስጥ መንገድ አበጁለት።

የእኛም ወገን ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ የጀመሩት፣ እርሳቸውም ሲሞቱ ፕሮፌሰር አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸሙት የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ በ1960 ሲታወጅ፣ በእጁ ሥራ የሚኖረውን ሰው ከነጋዴ ለይቶ አስቀምጦት ነበር። በ1997 የወጣው የኢትዮጵያ የጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ስትራተጂ ግን ሥራውን ሳይሆን ገንዘቡን መለኪያ አደረገ፤ የተከፈለ ካፒታሉ ከ20,000 ብር ያልበለጠው ጥቃቅን፣ ከዚያ በላይ እስከ 500,000 ብር ያለው አነስተኛ ተባለ። በ2011 ሲሻሻል የሠራተኛ ቍጥር ተጨመረበት፤ በኢንዱስትሪ በኩል እስከ 5 ሰው የሚያሠራና ሀብቱ እስከ 100,000 ብር የሚደርሰው ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራና ሀብቱ እስከ 1,500,000 ብር የሚደርሰው አነስተኛ ሆነ። በአገልግሎት በኩል ያለው ልክ ከዚህ ያነሰ ነበር። ይህ በወጣበት ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 17 ብር ግድም ስለ ነበር፣ ያ 1,500,000 ብር 88,000 ዶላር ያህል ይሆን ነበር። በሐምሌ 2024 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዶላሩ ከ120 ብር በላይ ሲሆን፣ ያው ቍጥር ከ13,000 ዶላር በታች ወረደ። አንድ ከውጭ የመጣ የእንጨት መሰንጠቂያ ወይም የዳቦ ምድጃ ያለው ሰው፣ መኪናው አንድ ሥራውም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ዕቃው ስለ ተወደደ ብቻ ከአነስተኛነት ሊወጣ ይችላል። የኢጣልያው ታሪክ እነሆ በሌላ ልብስ ተመለሰ።

ቍጥር ይህን ያህል ካስቸገረ፣ ቍጥርን ጨርሶ መተው ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር፣ ወደ አሜሪካ እንዲመለከት እንመክረዋለን። በሐምሌ 1953 የወጣው የአሜሪካ የአነስተኛ ንግድ ሕግ፣ አነስተኛ ማለት በግል የተያዘና በግል የሚመራ፣ በሥራው መስክም ገዥ ያልሆነ ማለት ነው ሲል ደነገገ፤ ዝርዝሩን ግን ለመሥሪያ ቤቱ ተወለት። አነጋገሩ ያማረ ነው። በ1966 ግን አሜሪካን ሞተርስ የተባለው የአውቶሞቢል ኩባንያ በዚህ ሕግ መሠረት አነስተኛ ተብሎ ተመደበ። ከ30,000 የማያንሱ ሠራተኞች ነበሩት! ክርክሩ ግን ከሕጉ ቃል የወጣ አልነበረም፤ ከጄኔራል ሞተርስ፣ ከፎርድና ከክራይስለር አጠገብ ሲቆም በመስኩ ገዥ አልነበረምና። ለመንግሥት ጨረታ ከአነስተኞች ተርታ ሊሰለፍ የተፈቀደለት እንዲህ ሆኖ ነው። ቍጥር የሌለው ትርጓሜ በብልህ ጠበቃ እጅ ሲገባ ዝሆንን በመርፌ ቀዳዳ ያሳልፋል።

በዚህ ክርክር ሁሉ ውስጥ ለእኛ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የታየን የእንግሊዞቹ ሥራ ነው። በ1969 የተቋቋመውና በሚስተር ጆን ቦልተን የሚመራው ኮሚቴ በ1971 ባቀረበው መግለጫ፣ አንድ ንግድ አነስተኛ ሊባል የሚችለው ሦስት ጠባዮች ሲኖሩት ነው አለ። አንደኛ፣ በገበያው ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ሲሆን፣ ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ራሱ ሹማምንት ሳያቆም ሥራውን በግል ሲመራው፣ ሦስተኛ፣ የሌላ ትልቅ ድርጅት ክፍል ሳይሆን በራሱ ውሳኔ ሲቆም ነው። ከዚህ በኋላ ኮሚቴው ለስታቲስቲክስ የሚሆነውን ልክ ሲፈልግ አንድ ቍጥር ለሁሉ እንደማይሆን ተረዳ። ለፋብሪካ 200 ሠራተኛ፣ ለሕንፃ ሥራና ለማዕድን 25 ሠራተኛ አለ፤ ለቸርቻሪ ግን የሰው ቍጥር ትቶ የዓመት ሽያጩን 50,000 ፓውንድ አደረገ፤ ለጭነት ሥራ ደግሞ ሰውም ገንዘብም ትቶ 5 መኪና አለ። መኪና መቍጠር ለሚቻልበት ሥራ መኪና ቈጠሩ። ይህን የመሰለ ቀጥተኛ አስተሳሰብ በመንግሥት ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ኢጣልያኖችም በ1985 ስለ እጅ ሥራ ባወጡት ሕግ ይህንኑ ተከትለዋል። በጭነት ሥራ የተሰማራ የእጅ ባለሙያ ድርጅት እስከ 8፣ በሕንፃ ሥራ እስከ 10፣ በጥበብ ሥራና በልክ ልብስ ስፌት እስከ 32 ሠራተኛ ቢኖረው የእጅ ባለሙያነቱን አያጣም። ለልብስ ሰፊ ከግንበኛ ሦስት እጥፍ መፍቀዳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማውን ያስደንቃል። ነገር ግን መርፌ የያዘች እጅ ብዙ ካፒታል እንደማይከተላት ያወቀ ሰው አይደነቅም።

አሁን ደግሞ ወደ ባሕራችን እንውረድ። በምፅዋ ወደብ የሚገባውን ሳምቡክ ለመመዝገብ የሚፈልግ ጸሐፊ የሠራተኞችን ቍጥር ቢጠይቅ ምን መልስ ያገኛል? በቀይ ባሕር በቆየው ልማድ መሠረት የመርከበኞች ዋጋ ደመወዝ ሳይሆን ድርሻ ነው። ከጭነቱ ወይም ከዓሣው ከተገኘው ገቢ ወጪው ይነሣና ለመርከቡ ባለቤት፣ ለናኹዳውና ለየመርከበኛው እንደየልኩ ይከፈላል። እንግዲህ በሳምቡኩ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ቢኖር፣ ተቀጣሪ ናቸው ወይስ ባልንጀሮች? በደመወዝ መዝገብ ቢታይ ተቀጣሪ የለም፤ ስለዚህ ጥቃቅን ነው። በሰው ብዛት ቢታይ አነስተኛ ነው። በመርከቡ ዋጋ ቢታይ ምናልባት ከዚያም ያልፋል። ያንኑ መርከብ በሦስት ቢሮ ቢያስመዘግቡት ሦስት ስም ይዞ ይወጣል። ሕጉን የጻፈው ሰው ፋብሪካ እንጂ ባሕር አላየም ማለት ነው።

ሌላውም የሚያስቸግር ነገር የዱቤ ሱቅ ነው። አንድ ባለሱቅ ስኳሩን፣ ሳሙናውንና ሻዩን ሁሉ ከአንድ አስመጪ በዱቤ ይወስዳል እንበል። መደርደሪያው የአስመጪው ነው፤ ዋጋውን የሚቈርጠው አስመጪው ነው፤ ከሌላ ሰው ገዝቶ እንዳይሸጥም በቃል ታስሯል። በፈቃዱ ላይ የተጻፈው ስም ግን የባለሱቁ ነው፤ ለአነስተኞች የሚደረገው የግብር ቅናሽም በዚሁ ስም ይጠየቃል። እንዲህ ያሉ አሥራ አምስት ሱቆች ያሉት አስመጪ፣ አሥራ አምስት አነስተኛ ነጋድያን ናቸው ወይስ አንድ ትልቅ? የቦልተን ኮሚቴ ሦስተኛ ጠባይ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። የኤውሮፓ ኮሚሲዮንም በግንቦት 2003 ባወጣው ምክር ይህን አስቦበታል። ከ10 በታች ሠራተኛ ያለውን ጥቃቅን፣ ከ50 በታች ያለውን አነስተኛ፣ ከ250 በታች ያለውን መካከለኛ ካለ በኋላ፣ በየደረጃውም የገንዘብ ልክ ካደረገ በኋላ፣ ከድርጅቱ ሩቡን ወይም ከዚያ በላይ ሌላ ኩባንያ የያዘበት እንደ ሆነ የዚያ የሌላው ኩባንያ ሠራተኛና ገንዘብ እንደ ድርሻው ተጨምሮ እንዲቈጠር አዘዘ። የዱቤ መደርደሪያ ግን አክሲዮን አይደለምና በዚህም ወንፊት ያልፋል። እርሱን የሚያውቀው ገበያውን የሚያውቅ የአገር ሹም ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ስለ ድንበሩ ነው። ድንበር በተሠመረበት ስፍራ ሁሉ ከድንበሩ በታች የሚያደባ ሰው ይኖራል። በኢጣልያ በ1970 የወጣው የሠራተኞች ሕግ ያለ በቂ ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ ሲያዝ፣ ግዴታውን የጣለው ከ15 ሠራተኛ በላይ ባላቸው ላይ ነበር፤ 16ኛውን ሰው መቅጠር ከዚያ ወዲህ ብዙ የሚታሰብበት ነገር ሆነ። በፈረንሣይ ለ50 ሠራተኛ የሚከተለው ግዴታ ብዙ ስለ ነበር 49 ላይ የሚቆሙ ድርጅቶች በዙ። ከሁሉ የከፋው የህንድ ነው። ህንዶች በ1967 ለአነስተኛ ፋብሪካዎች ብቻ የተጠበቁ 47 ዐይነት ዕቃዎች ለዩ፤ ዝርዝሩ እያደገ ሄዶ ከ800 አለፈ። አሳባቸው አነስተኛውን ከትልቁ ለመጠበቅ ነበር። ነገር ግን እነዚያን ዕቃዎች የሚሠራ ሰው ካደገ ከዝርዝሩ ስለሚወጣ፣ ማደግ ቅጣት ሆነበት። የመጨረሻዎቹ ዕቃዎች በ2015 ከዝርዝሩ ሲወጡ ሥርዓቱ አበቃ። ለአርባ ስምንት ዓመት ያህል ትንሽነትን ሲሸልሙ ኖሩ፤ የሸለሙትንም አገኙ።

በእኛ ገበያም ይህ የማይታወቅ አይደለም። ነጋድያን አንባቢዎቻችን አይቈጡን እንጂ፣ አንዱን መደብር በግድግዳ ከፍሎ ግማሹን በሚስቱ ስም፣ ግማሹን በወንድሙ ስም የሚያስፈቅድ ሰው አላየንም ብንል ውሸት ይሆናል። መጋዘኑ አንድ ነው፤ ቍልፉ አንድ ነው፤ ማታ ገንዘቡ የሚቈጠረው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህ ሰው የሚያታልለው ግብር ሰብሳቢውን ብቻ መስሎት ይሆናል። በእርግጥ የሚያጠፋው ግን የአጠገቡን እውነተኛ አነስተኛ ነጋዴ ነው፤ ሁሉ ትንሽ ነኝ ባለበት ገበያ ሹሙ ማንንም ማመን ስለሚተው፣ የቁርጥ ግብሩን ግምት በሁሉ ላይ እኩል ከፍ ያደርጋልና። መደበር ያለው ምድጃ ሠሪ ያልሠራውን ኀጢአት ይከፍላል።

ባለሥልጣኖችም በበኩላቸው ድንበሩን እንደ ገደል ባያደርጉት የገዛ መዝገባቸው ይጠራል። ትናንት ቁርጥ ግብር ይከፍል የነበረ ሰው ሽያጩ በአንድ ብር ስላለፈ ብቻ ዛሬ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ፣ ሒሳብ ዐዋቂና ደረሰኝ ማተሚያ በአንድ ጊዜ ቢታዘዝበት፣ መደብሩን በግድግዳ መክፈል ያምረዋል። ልኩን አልፎ ሁለት ዓመት በተከታታይ እስኪቆይ ድረስ በፊተኛው ደረጃ ቢጠበቅ፣ ከዚያም አስቀድሞ የገቢና የወጪ ደብተር ብቻ ቢታዘዝ፣ ድንበሩ ደረጃ ይሆንለታል። ኤውሮፓውያንም በ2003ቱ ምክራቸው ይህን አድርገዋል፤ አንድ ድርጅት ልኩን ያለፈው ለሁለት ተከታታይ የሒሳብ ዓመት ካልሆነ ስሙ አይለወጥም። አንድ ጥሩ ዝናም ወይም አንድ ጥሩ የበዓል ሰሞን ባለሱቅን ትልቅ ነጋዴ አያደርገውምና።

እንግዲህ የእኛ አስተያየት የትኛው ነው ብሎ ለሚጠይቀን አንባቢ እንዲህ እንመልሳለን። ስለ አነስተኛ ነጋዴ አንድ ትርጓሜ ለሁሉ ነገር መፈለግ ከንቱ ድካም ይመስለናል። ለኪሣራ ሕግ የሚሆነው ጥያቄ ሰውዬው ሲወድቅ ስንት አበዳሪ ይዞ ይወድቃል የሚለው ነው፤ ስለዚህ እዚያ ዕዳው ይቈጠር። ለግብር የሚሆነው ጥያቄ መዝገብ ለመያዝ አቅም አለው ወይ የሚለው ነው፤ እዚያ ሽያጩ ይቈጠር። ለብድርና ለድጋፍ የሚሆነው ጥያቄ ግን በገዛ ክንዱ ቆሟል ወይ የሚለው ነው፤ እዚያ ኢጣልያኖቹ በ1942 የጻፉት፣ የገዛ ድካሙና የቤተ ሰቡ ድካም ያመዝናል ወይ የሚለው ሚዛን ከማናቸውም ቍጥር ይሻላል። ሦስቱን በአንድ ቃል ማሰር ነው ሳምቡኩን ሦስት ስም ያሰጠው።

ይህ ሐሳብ ለጸሐፊው ሥራ ይጨምርበታል የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ እውነትም ይጨምርበታል። ነገር ግን የሚጨምረው ከምንፈራው ያነሰ ነው። በፈቃድ መጠየቂያው ወረቀት ላይ ዛሬ ካፒታልና የሠራተኛ ብዛት ከተጠየቀበት መሥመር ሥር አራት አጫጭር ጥያቄዎች ቢጨመሩ ይበቃል፦ በሥራው ላይ ባለቤቱ ራሱ በቀን ስንት ሰዓት ይውላል? አብረውት ከሚሠሩት ስንቱ የቤተ ሰቡ ናቸው፣ ስንቱ በደመወዝ፣ ስንቱ በድርሻ? ዕቃውን ከስንት ሰው ይገዛል? የሚሸጥበትን ዋጋ የሚወስነው ማን ነው? መደበር ያለው ሰው አራቱንም መዶሻውን ሳያስቀምጥ ይመልሳቸዋል። መደብሩን በግድግዳ የከፈለው ሰው ግን በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ ጥቂት ሳያስብ አይመልስም።

ከወረቀቱ ግርጌም የልኩ ቍጥር የተወሰነበት ዓመትና ዳግመኛ የሚመረመርበት ዓመት አብረው ይታተሙ።